ላሊበላ ላይ ቤት ሲሸጥ የሚሸጠው ምኑ ነው?

ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና እስኪፈላ አንብቡት።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ተቀይረዋል። የቀድሞ ተማሪዎቼ ድሮ የሚጽፉልኝ ስለ ፈተና ወይ ስለ ሥራ ነበር። አሁን ከባሕር ዳርም፣ ከአዲስ አበባም፣ ከዐረብ አገርም የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «ቲቸር፣ የቤተሰብ ቤት ልንሸጥ ነው፤ ጊዜው ነው ወይስ እንቆይ?» ሌላው ደግሞ በተቃራኒው «ላሊበላ ቤት ረክሷል ይባላል፤ ልግዛ እንዴ?» ይላል።

እኔ የታሪክ መምህር ነኝ እንጂ ደላላ አይደለሁም። ዋጋውን እነሱ ይንገሯችሁ። እኔ የምነግራችሁ ሌላ ነገር ነው፤ እዚህ ከተማ «ቤት ተሸጠ» ሲባል የተሸጠው ምኑ እንደሆነ። ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ግን መልሱ በየዘመኑ ሲገለባበጥ ኖሯል፤ ዛሬ ገዥና ሻጭ፣ ወንድምና እህት ፍርድ ቤት የሚካሰሱበት አብዛኛው ጣጣም የመጣው ከዚያ ነው።

ከንጉሡ እንጀምር። ንጉሥ ላሊበላ በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መሬት ሲሰጥ ያጻፈው ነገር ዛሬም ይነበባል። ያለው ግን እዚህ እኛ ጋ አይደለም፤ በዛሬዋ ኤርትራ፣ ሽመዛና ውስጥ በሚገኘው በሐም ደብረ ሊባኖስ ገዳም በወርቃማው ወንጌል ላይ ነው የተመዘገበው። ስጦታ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን። እንዲህ ባሉ ሰነዶች ላይ ዋጋ የሚባል ነገር አታገኙም። የምታገኙት ውግዘት ነው፦ ይህን የሻረ፣ ይህን የነጠቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል። የዚያ ዘመን ካርታም፣ ማኅተምም፣ ፖሊስም ውግዘቱ ነበር ማለት ትችላላችሁ።

ከዚያ በኋላ ላስታ ውስጥ ለብዙ ዘመን መሬት ማለት ርስት ማለት ሆኖ ኖረ። ርስት የአንድ ሰው ንብረት አይደለም፤ የዘር ነው። አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት በአባትም በእናትም መወለዱን የቆጠረ ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል። እንዲህ ያለውን መሬት ለባዕድ መሸጥ አስቸጋሪ ነበር፤ ሻጩ አንድ ሰው ቢሆን ባለመብቱ መቶ ነዋ! «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ተረት ለባለርስቱ ተስፋ ነው፤ ለገዥው ግን ማስፈራሪያ ነው። ገንዘብህን ከፍለህ፣ ቤት ሠርተህ፣ ልጅ ድረህ፣ ከስንት ዓመት በኋላ አንዱ ዘር ቆጥሮ ይመጣብሃል። ማን ይገዛል ታዲያ?

ደብር ባለበት አካባቢ ደግሞ የሰሞን መሬት አለ። ቀዳሹ፣ ደብተራው፣ ደዋዩ አገልግሎቱን እየሰጠ የሚበላው መሬት ነው። አገልግሎቱ ሲቋረጥ መሬቱም ለሌላ አገልጋይ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ቦታ ጎጆ የቀለሰ ሰው ጎጆው የራሱ ነው፤ መሬቱ ግን የደብሩ። ልብ በሉ፤ «ቤቱ ያንተ፣ መሬቱ የሌላ» የሚለው አሠራር ደርግ ያመጣው አዲስ ነገር አይደለም። አያቶቻችን ያውቁታል።

«ስለዚህ ድሮ መሬት አይሸጥም ነበር» ብላችሁ እንዳትደመድሙብኝ። ጎንደርን ተመልከቱ። በ18ኛው መቶ ዓመት ጎንደር ውስጥ ቤትና መሬት በሽያጭ ይተላለፍ ነበር፤ ውሉም የሚጻፈው በአብያተ ክርስቲያናቱ የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ነው። ሻጩ፣ ገዥው፣ ዋጋው፣ ምስክሮቹ በስም ተዘርዝረው። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ እነዚህን ጽሑፎች ለዓመታት ሲያጠና ኖሮ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ2000 አሳትሟል። ደስ የሚለኝ ነገር ሴቶችም ገዥና ሻጭ ሆነው በብዛት መገኘታቸው ነው። ለምን ጎንደር ላይ ሆነ፣ ላሊበላ ላይ ግን አልሆነም? የእኔ ግምት ቀላል ነው፦ ጎንደር ቤተ መንግሥት ነበረበት። መኳንንቱ፣ ወታደሩ፣ ነጋዴው፣ እጀ ጥበበኛው ከየአገሩ መጥቶ ማደሪያ ይፈልጋል። ዘር ቆጥሮ ርስት የማይጠይቅ ሰው በበዛበት ቦታ መሬት ዋጋ ያወጣል። ላሊበላ ደግሞ በዚያ ጊዜ የነገሥታት መቀመጫነቷ ካበቃ ብዙ መቶ ዓመት አልፏታል፤ የሚመጣው ተሳላሚ ነው፤ ተሳላሚ ተሳልሞ ይመለሳል።

እዚህ ጋ ስለ ቤቱ ራሱ ትንሽ ልበል፤ ሰው የሚረሳው እሱን ነውና። የላስታ የድንጋይ ቤት ሌላ አገር ከምታዩት ጎጆ ይለያል። ክብ ነው፤ ግን ባለ ሁለት ደርብ። ግድግዳው በቀዩ ድንጋያችንና በጭቃ ይገነባል፣ ከታች ከብት ያድራል፣ ከላይ ሰው ይኖራል፣ መወጣጫው በውጭ በኩል ነው፣ ጣራው ሣር። ለምን እንዲህ እንደተሠራ ደጋውን የሚያውቅ አይጠይቅም፤ ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ ከላይ አቡነ ዮሴፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ቆሟል። የከብቱ ትንፋሽ ወደ ላይ ይሞቃል። ታዲያ የዚህ ቤት ዋጋ ምኑ ላይ ነው? ድንጋዩ ከአጠገብ ይወጣል። ውድ የሆነው እንጨቱ ነው። ጥዱና ወይራው ከላስታ ተራሮች ከተመናመነ ቆይቷል፤ ለዚህ ነው ቤት ሲፈርስ ምሰሶው፣ ወጋግራውና በሩ ተለይቶ የሚነሣው። ድንጋዩን ጥሎ በሩን ተሸክሞ የሄደ ሰው ዋጋው ምኑ ላይ እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል።

ዘመናዊው ነገር የጀመረው በሸዋ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ለአዲስ አበባ ባወጡት ደንብ የከተማ ቦታ በግል ሊያዝ፣ ሊሸጥ፣ ሊወረስ የሚችል ሆነ። ከዚያ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መጣ። እሱ ላይ ትንሽ እቆማለሁ፤ ዛሬም እየሠራ ነው። ቁጥር 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ ውል አይደለም ይላል። ቁጥር 1885 ደግሞ ስለ ቀብድ ነው፦ ቀብድ የሰጠው ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ቁጥር 1723ም ውሉ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይሁን ይላል። ይሄን ሳያውቅ በሦስት ሽማግሌና በአንድ ጃኖ ፊት ቤት የገዛ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ!

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት አይቻለሁ። ቢጫ ሆኗል፣ በአራት ታጥፎ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ውሉ ስለ ግድግዳ፣ ስለ ክፍል ብዛት፣ ስለ ካሬ ሜትር አንዲት ቃል አይልም። የሚለው ጎረቤት ነው፤ በምሥራቅ የእገሌ፣ በምዕራብ የእገሊት፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ የደብሩ አጥር። ከታች የምስክሮች ጣት አለ። እኔ የገረመኝ ነገር፦ ከዚያ ወረቀት ላይ ካሉት አዋሳኞች ዛሬ በቦታው ያለ አንድም ቤተሰብ የለም። ለምን እንደሌለ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

1967። ይሄን ዓመት ላሊበላም፣ ደሴም፣ አዲስ አበባም እኩል ያስታውሱታል። የካቲት 25 የገጠር መሬት ታወጀ፤ ርስቱም፣ ጉልቱም፣ ሰሞኑም በአንድ ቀን አበቃ። ሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 መጣ። የከተማ መሬት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ፤ ትርፉ ተወረሰ። ኪራዩ በወር እስከ 100 ብር የሆነው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። ኪራይም በአዋጅ ተቀነሰ፤ ለዝቅተኛው ተከራይ እስከ ግማሽ ድረስ።

ይሄን ክፍል ውስጥ ሳስተምር ሁልጊዜ ክርክር ይነሣል። አንዱ ተማሪ «አያቴ ተወረሱ» ይላል፤ ሌላው «አያቴ ቤት አገኙ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኔ ግን የማምንበትን ልናገር፦ ትልቁ ጉዳት መወረሱ ብቻ አልነበረም። አንድ ሰው ከአንድ በላይ ቤት እንዳይኖረው ሲደረግ የሚያከራይ ቤት የሚሠራም ጠፋ። የቀበሌው ቤት በርካሽ ተከራየ፤ ኪራዩ ግን ቆርቆሮ እንኳ አይቀይርም። ዛሬ በየከተማው ተዘንብለው የምታዩአቸው የቀበሌ ቤቶች የዚያ ሒሳብ ውጤት ናቸው።

ደርግ ሄደ፤ መሬቱ ግን አልተመለሰም። ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። ከዚያ በፊትም በ1986 የሊዝ አዋጅ ቁጥር 80 ወጥቶ ነበር፤ በ1994 ተሻሻለ፤ በ2004 ቁጥር 721 ተተካ። ሕዝቡ ግን ቋንቋውን አልቀየረም። ዛሬም «ቦታ ገዛሁ» ነው የምንለው። ውሉ ላይ የሚጻፈው «ቤት» ነው። ባዶ ቦታ መሸጥ ስለማይቻል አንዱ ግድግዳ ያቆማል፣ አንዱ መሠረት አውጥቶ «ቤት» ይለዋል፣ ሌላው በሌሊት ጨረቃ ቤት ይተክላል። ሁላችንም የምናውቀው ተውኔት ነው። ሦስት ቆርቆሮና አሥር ባሕር ዛፍ ያን ሁሉ ብር እንደማያወጣ ሻጩም፣ ገዥውም፣ ውሉን የሚጽፈውም ያውቃል።

እንግዲህ ወደ ከተማችን ልመለስ። ላሊበላ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዷ ናት። ከዚያ በፊትም በንጉሡ ጊዜ ሰቨን ኦሊቭስ ሆቴል ተከፍቶ ቱሪስት ይመጣ ነበር። ከ1983 በኋላ አየር ማረፊያውም ተሻሽሎ እንግዳው ሲበዛ የቤት ዋጋ ትርጉም ተለወጠ። ከአብያተ ክርስቲያናቱ ደጃፍ ያለች አንዲት ክፍል ሱቅ ትሆናለች፣ እንግዳ ማሳደሪያ ትሆናለች፣ ለገና በአንድ ሳምንት የብዙ ወር ኪራይ ታስገባለች። (የተሳላሚ እግር አጥቦ በነፃ ማሳደር ነበር የአገሩ ወግ። አሁንም የሚያደርጉት አሉ፤ እግዜር ይስጣቸው።) ግድግዳው ያው ጭቃና ድንጋይ ነው። ዋጋ ያወጣው ቦታው ነው፤ ያ በሕግ የማይሸጠው ነገር!

ከዚያ የመነሣቱ ነገር መጣ። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ያሉ ነዋሪዎች ለቅርሱ ደኅንነት ሲባል፣ በዓለም ባንክ በሚደገፈው የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት ዘመን፣ ከሰፈራቸው ተነሥተው ኩራኩርን ወደመሰሉ አዳዲስ ቦታዎች ሄዱ። ምክንያት አልነበረውም አልልም። ከየቤቱ የሚወጣው ፍሳሽ፣ ጭሱ፣ የሰው ብዛቱ ለዚያ ለስላሳ ድንጋይ አደጋ ነው። የእኔ ጥያቄ የካሳው ሒሳብ ላይ ነው። በጊዜው ሲሠራበት የነበረው የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ለቤት የሚከፍለው የመተኪያ ዋጋ ነው። ድንጋዩ፣ እንጨቱ፣ ቆርቆሮው፣ የሠራተኛው ጉልበት ተሰልቶ ተመሳሳይ ቤት ለመሥራት የሚበቃ ገንዘብና ምትክ ቦታ። በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል። ችግሩ መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ ቦታው ዋጋ የለውም መባሉ ነው። ቤቱን ግን ቤት ያደረገው እሱ ነበር። ከቤተ ማርያም ደጃፍ የተነሣች ጠላ ሻጭ ኩራኩር ላይ የተሻለ ቆርቆሮ አገኘች እንበል፤ ደንበኛዋን የት ታገኘዋለች? በሌሊት ተነሥታ ኪዳን የምታደርስ አሮጊትስ?

ያ የቢጫው ወረቀት አዋሳኞች የጠፉት እንዲህ ነው።

በሌላውም ዓለም ቅርስ ያለበት ከተማ ነዋሪ ማጣቱ አዲስ አይደለም። የቬኒስ አሮጌ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ 175,000 የሚጠጋ ነዋሪ ነበራት፤ በ2022 ከ50,000 በታች ወረደ። ልዩነቱ፣ የቬኒስ ሰው ሲወጣ ቤቱን ከነቦታው ሸጦ ነው። የቱሪስቱ ዋጋ ኪሱ ገብቷል። የእኛ ሰው የወጣው በድንጋይ ሒሳብ ነው። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ለገጠር መሬት የሚከፈለውን ከዓመታዊ ገቢ አሥር እጥፍ ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አድርጓል፤ ጥሩ ነው፤ ግን ለተነሡት አልደረሰላቸውም።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። በ2012 ኮሮና፣ ሐምሌ 29 ቀን 2013 ጦርነቱ ከተማዋ ገባ፣ መብራት የለም፣ ባንክ የለም፣ ከዚያም ሌላ ግጭት። ቱሪስት ቀረ። እሱን ተስፋ አድርጎ ተበድሮ ፎቅ የጀመረው ሁሉ ብረቱ ሰማይ ላይ ተገትሮ ቀረ። «ላሊበላ ቤት ረክሷል» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው።

ረክሷል ግን በምን? ይሄን ሒሳብ አብራችሁኝ ሥሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በዋዜማው አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዓመት በኋላ ከ130 አለፈ። ለምሳሌ አንድ ቤት አንድ ሚሊዮን ብር ቢባል፣ በፊት 17,500 ዶላር ያህል ነበር፤ ዛሬ በዚያው አንድ ሚሊዮን 7,700 ዶላር አይሞላም። ሲሚንቶውና ብረቱ ግን ዶላሩን ተከትለው ወጥተዋል። ስለዚህ ሻጩ «ከድሮው ዋጋ አልቀነስኩም» ሲል ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ያንኑ ቤት ልሥራ ቢል በሸጠበት ብር ግድግዳውንም አይጨርሰውም። ዶላር ወይም ሪያል ያለው ገዥ ይሄን በደንብ ያውቃል። ከእነዚህ ገዥዎች ብዙዎቹ ደግሞ የራሳችን ልጆች ናቸው፤ በሰው ቤት ተሠቃይተው ያጠራቀሙት ነው፤ ልወቅሳቸው አልችልም።

አሁን ለጠየቃችሁኝ ልመልስ። የወላጅ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ነባር ይዞታ ነው። በ2004ቱ አዋጅ መሠረት ቤቱ በውርስ ሲተላለፍ ነባርነቱ ይቀጥላል፤ ሲሸጥ ግን ገዥው ወደ ሊዝ ይገባል። ማለትም እናንተ እጅ ላይ ያለው ነገር አንዴ ከወጣ ልጆቻችሁ መልሰው ቢገዙት እንኳ ያው አይሆንም። ገዥም የሊዙን ክፍያ ከዋጋው ላይ አስቀድሞ ይቀንሳል፤ ሻጭ ሳይገባው ነው የሚቀነስበት። የእናንተ ቤት ከቅርሱ ክልል ውስጥ ወይም ከዳርቻው ከሆነ ደግሞ ከፍታውም፣ የሚሠራበት ዕቃም ገደብ አለበት። ፎቅ አወጣበታለሁ ብሎ የሚገዛ ሰው ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ሳይጠይቅ ቀብድ እንዳይሰጥ።

ወራሾቹን በተመለከተ ሁሉም ይፈርሙ። ርስት በአዋጅ ከቀረ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፎታል፤ በተስካር ማግሥት ግን ዛሬም ይነሣል። ካርታው በአባት ስም ነው፣ አባት የሉም፣ አንዱ ወንድም ጅዳ ነው፣ አንዷ እህት ወልድያ ናት፣ ቤቱ ውስጥ የምትኖረው ታናሿ እናቷን ስታስታምም ሳታገባ የቀረችው ናት። እኔ ካየሁት፣ ቤቱ ሲሸጥ ከሁሉ በላይ የምትጎዳው እሷ ናት። ብሩ ለአምስት ይከፈላል፤ በአንድ አምስተኛ ደግሞ ላሊበላ ውስጥ አንድ ክፍል አይገዛም። ተከራይ ትሆናለች ማለት ነው። ተከራይ ስለመሆን ደግሞ እኔን ጠይቁኝ፤ በመምህር ደመወዝ ስንት ጊዜ ዕቃ እንደጫንኩ። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሁን ይላል፤ ግን የሚሠራው ክልሎች በሚመርጧቸው ከተሞች ነው፤ የትንሽ ከተማ ተከራይ በአከራዩ ጠባይ ነው የሚኖረው።

ስለዚህ «ጊዜው ነው ወይ?» ላላችሁኝ፣ ለሕክምና ከሆነ፣ ለዕዳ ከሆነ ሽጡ፤ ሰው ይበልጣል። «እዚያ ምን ቀረን» ብላችሁ ከሆነ ግን እኔ ብሆን አልሸጥም። ቢያንስ ያቺ እህት የምትኖርበትን ክፍል ለይታችሁ ተስማሙ፤ ስምምነቱንም በጽሑፍ።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምናችሁ። የአያቶቻችሁን የቤት ውል፣ የድሮ የግብር ደረሰኝ፣ የቀበሌ የኪራይ ካርኒ ያላችሁ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። ስሙን በወረቀት ሸፍኑት፤ እኔ የምፈልገው አዋሳኙን፣ ዓመተ ምሕረቱንና ዋጋውን ነው። ተነሥተው ወደ ኩራኩር ከሄዱት ቤተሰቦች ያለ ከሆነማ እኔ ራሴ መጥቼ እገለብጠዋለሁ። ቅዳሜ ከገበያ በኋላ ይመቸኛል።